ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚከፍተው እጅ

ማብሪያው ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ታንኩ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር፤ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ስገመግም የምጀምረው ከዚህ ነው። ሻጮች ቶሎ አብርተው ድምፁን ለማሰማት ይቸኩላሉ። ለድምፁ ይደረስበታል። ሞተሩ ሲያዞረው በጩኸት የሚሸፈነውን ሁሉ፣ በእጅ ሲዞር መዳፍ ያገኘዋል። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ፓምፕ ይከብዳል እንጂ አይሻክርም። ትልቅና ትንሽ ፒስተን ባለው ፓምፕ፣ ትልቁ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ እየታመቀ እጅን ይገፋል፤ ጫፉን ሲያልፍ ይለቃል፤ ከዚያ ትንሹ ተራውን ይቀበላል። ሁለቱም ግፊቶች ሊሰሙ ይገባል። አንዱ ከጠፋ ወይ ቫልቩ በትክክል አይዘጋም፣ ወይ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል።

ቀጥሎ ቮላኖውን ጣት ታህል ወደ ፊት፣ ጣት ታህል ወደ ኋላ ማወዛወዝ ነው። በመካከል «ቀጭ» የሚል ባዶ ቦታ ካለ የቢዬላው ኩሽኔታ ወይም የፒስተኑ ፒን ላልቷል ማለት ነው። ከዚያ ቮላኖውን ወደ ራስ መሳብና መልሶ መግፋት፤ ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) በግልጽ ወደ ጎን የሚመላለስ ከሆነ ዋናዎቹ ኩሽኔታዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ወይም ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ አንዳችም መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህን ስጽፍ ዓይኔ ላይ ያለው አንድ የተወሰነ ማሽን ነው፤ ኩዊንሲ 325። እዚህ ቨርጂኒያ ከሚዘጉ የብረት ሥራ ቤቶችና ከቆዩ ጋራዦች አልፎ አልፎ ለሽያጭ ይወጣል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1920 በኢሊኖይ ግዛት በኩዊንሲ ከተማ ተመሠረተ፤ ስሙንም ከከተማው ወሰደ። በ2010 አትላስ ኮፕኮ ገዝቶታል፤ ይሁንና ይህ የፓምፕ ቤተሰብ መሠረታዊ ቅርጹን ሳይለቅ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለቤት ጋራዥ ይህ ብቻ ነው የሚሆነው አልልም፤ የኢንገርሶል ራንድ ታይፕ 30 ፓምፖችም በየጥጉ ይገኛሉ፣ ጠንካሮች ናቸው። ኩዊንሲን የመረጥኩት የሠሪው ሐሳብ በማሽኑ ላይ በግልጽ ስለሚነበብ ነው። ያ ሐሳብ አንድ ነው፦ ይህን ፓምፕ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማላውቀው ሰው ይከፍተዋል፤ ለእሱ ላዘጋጅለት።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ትንሹ ሰሌዳ ነው። ፓምፑ ላይ ባለው የብረት ሰሌዳ የሞዴል ቁጥር አለ፣ የመለያ ቁጥር አለ፣ ሦስተኛ ደግሞ «አር ኦ ሲ» የሚባል ቁጥር አለ። ይህ ሦስተኛው የለውጥ መዝገብ ነው። ፋብሪካው ዓመታት ባለፉ ቁጥር ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን ወይም የዘይት ፓምፑን ሲያሻሽል አንድ ቁጥር ወደ ላይ ይቆጥራል። ስለዚህ ዛሬ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው 325 ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ይህን ቁጥር ይናገራል፣ ለዚያ ትውልድ የተሠራው ክፍል ይመጣለታል። በእኔ ዓይን ይህ ከማንኛውም የብረት ጥራት በፊት የሚከበር ሥራ ነው። ብዙ ጥሩ ማሽኖች የሚሞቱት በስብራት ሳይሆን፣ የተሰበረው ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ነው። ሰሌዳው ላይ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በጨርቅና በቀለም ማስለቀቂያ ቀስ ብሎ ማጽዳት ይገባል፤ በሽቦ ብሩሽ የፈገፈገው ሰው ፊደሉን አብሮ ይዞት ይሄዳል። ሰሌዳው ተነቅሎ የጠፋበትን ፓምፕ ከዋጋው በደንብ ሳላስቀንስ አልገዛም።

ሰሌዳ የሌለው ማሽን ሲገጥም ደግሞ አካሉን ማንበብ ግድ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን ማስተያየት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፓምፑ ባለ አንድ ደረጃ ነው፤ ሁለቱም አየር ከውጭ እየሳቡ በቀጥታ ወደ ታንኩ ይልካሉ፤ ግፊቱ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 ባር ላይ ያበቃል። አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ከሆነ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ወፍራሙ ከውጭ ይስባል፣ እስከ ግማሽ መንገድ ያደርሳል፣ ቀጭኑ ተቀብሎ ይጨርሰዋል። 12 ባር የሚደርሱት እነዚህ ናቸው። ሲሊንደር ሁለት ስለሆነ ብቻ «ሁለት ደረጃ» ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ሜትር ሳያወጡ በዓይን የሚለይ ነገር ነው።

በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል የሚያልፈው የማቀዝቀዣ ቱቦ ደግሞ ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል። የጋለ አየር ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ እንደገና ለማመቅም ብዙ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ አዋቂ ሠሪ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ መሐል ላይ ያሳርፈዋል። 12 ባር ለመድረስ፣ የከባቢ አየሩ ግፊት ሲጨመር 13 ባር ነው፤ የ13 ካሬ ሥር ወደ 3.6 ይሆናል፤ ከባቢው ሲቀነስ በመካከለኛው ቱቦ ላይ ወደ 2.6 ባር ይገኛል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ጭነቱን እኩል እንዲካፈሉ የሚያደርገው ይህ ቁጥር ነው፤ የወፍራሙና የቀጭኑ ስፋት የተሰላውም ወደዚህ እንዲደርስ ነው። ቱቦው ክንፎች ለብሶ በቮላኖው ፊት እንዲያልፍ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። የቮላኖውን ጨረሮች በጎን በኩል ተመልከቱ፦ ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ እንደ ማራገቢያ ዘንበል ብለው የፈሰሱ ናቸው። ክብደቱ ዙሩን ያለሰልሳል፣ ጨረሩ ደግሞ ነፋስ እየነዳ ሲሊንደሩንና ቱቦውን ያቀዘቅዛል። አንድ ብረት ሁለት ሥራ። ለዚህ ነው ቮላኖው ላይ ወይም አጠገቡ የዙር አቅጣጫ ቀስት የሚገኘው፤ ሞተሩ ተቀይሮ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ አየሩ ይታመቃል፣ ነፋሱ ግን ከፓምፑ ይሸሻል። ሻጩ ሲያስነሳው የእጅ መሐረብ ብቻ ይዞ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት በቂ ነው።

ስለ ጊዛው ትንሽ ልበል። ሲሊንደሩ ከጊዛ ሲሠራ ብረቱ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ጥሩ ፋውንድሪ የሚታወቀው በክንፎቹ ነው። ቀጫጭኖች ሆነው እስከ ጫፋቸው ሙሉ መሆን አለባቸው፤ ብረቱ ሳይደርስ የቀዘቀዘበት ጎዶሎ ጠርዝ፣ አሸዋ የበላው ጉድጓድ ሊኖር አይገባም። የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር በጣት ተከተሉት። አንዱ ግማሽ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ደረጃ ከሠራ ሥራው የተቸኮለበት ነው። ቴስታታው ሲሊንደሩ ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ደግሞ በማሽን የተላገ ስለሆነ የተለየ መልክ አለው፤ በኩዊንሲው ላይ ይህ ጠርዝ ዙሪያውን በአንድ ውፍረት ይሄዳል፣ ብሎኖቹም ከመካከሉ እኩል ርቀት ይዘው ይቀመጣሉ። ማንም ገዢ ይህን ለማየት አይጎነበስም፤ ሠሪው ግን ሠርቶታል። ለብሎን ራስ መፍቻ የሚዞርበት ቦታ መተዉንም አስተውሉ። ርካሽ ፓምፕ ላይ አንዷን ብሎን ለመፍታት ሌላ ሦስት ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፤ እዚህ መፍቻው ገብቶ ይዞራል።

አሁን ወደ ፈረስ ጉልበቱ። ሰሞኑን አንድ የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውሎ ነበር።

«ጋሼ፣ 6 የፈረስ ጉልበት የሚል አግኝቻለሁ፤ ዋጋውም ቆንጆ ነው።»

«ሶኬቱ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«የማንኛውም ቤት ሶኬት ነው፤ ስልክ የምንሰካበት።»

«እንግዲያው 6 አይደለም፤ 2ም ከሆነ ጥሩ ነው። የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ ላክልኝ።»

ስሌቱ ቀላል ነው። የተለመደው የአሜሪካ ቤት ሶኬት 120 ቮልት በ15 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 1800 ዋት። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ስለዚህ ከግድግዳው የሚወጣው ሁሉ ሳይባክን ቢሠራ እንኳ 2.4 ነው፤ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲቀነስ ወደ 2 ይወርዳል። ታንኩ ላይ በትልቅ ፊደል የተለጠፈው 6 ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚያሳየውን ከፍታ የሚናገር ነው። እውነተኛ 5 የፈረስ ጉልበት ያለው ነጠላ ፌዝ ሞተር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ሠንጠረዥ በ230 ቮልት 28 አምፔር ይመደብለታል፤ ወፍራም ሽቦና የራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲያነሱት ይከብዳል፤ ሰሌዳው አምፔሩን፣ ዙሩን፣ ያለማቋረጥ መሥራት መቻሉን በግልጽ ይጽፋል። የሚለጠፍ ወረቀትና የሚቸነከር ሰሌዳ ሲጣሉ እኔ ሁልጊዜ ከሰሌዳው ጋር ነኝ።

ማሽኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሰሌዳው ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ያንብብ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 50። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 1725 የሚዞር ሞተር በ50 ኸርዝ ወደ 1440 ይወርዳል፤ ፓምፑም አንድ ስድስተኛ ያህል አየር ይቀንሳል። መቀነሱስ ይቻላል፤ የሚያሳስበው ለ60 ብቻ የተጠመጠመ ሞተር በ50 ሲሠራ ብረቱ መጋሉ ነው። ሰሌዳው 50 እና 60 ሁለቱንም ካልጻፈ ፓምፑንና ታንኩን ልኮ ሞተሩን እዚያው መግዛት ይሻላል። ፓምፑ የሚያየው ቮላኖውን የሚያዞረውን ቺንጋ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ሞተር እንደመጣ አይጠይቅም።

ፓምፑ በእርግጥ ስንት አየር ይሰጣል? ለዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የሰዓት። በወረቀት ሲሰላ የመጀመሪያው ደረጃ ሲሊንደር ብቻ ይቆጠራል፤ ትንሹ ያው አንዱን አየር ነው የሚቀበለው። ስፋቱ 100 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 80 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በአንድ ዙር ወደ 628 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይውጣል። ሞተሩ 1425 የሚዞር፣ የሞተሩ ፑሊ 150 ሚሊሜትር፣ ቮላኖው 400 ሚሊሜትር ከሆነ ፓምፑ በደቂቃ 534 ይዞራል፤ የሚውጠው 335 ሊትር ያህል ነው። የሚሰጠው ከዚህ ያንሳል፤ ጤነኛ ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ ሦስት አራተኛውን ያህል ይሰጣል ብሎ መያዝ አያሳፍርም። ዝቅተኛ ዙር ራሱ የጥራት ምልክት ነው። ብዙ አየር በትንሽ ዙር ለመስጠት ትልቅ ሲሊንደር፣ ትልቅ ኩሽኔታ፣ ብዙ ብረት ያስፈልጋል። ብረት የሰሰተ ሠሪ ልዩነቱን በፍጥነት ይሞላዋል፤ ሂሳቡን ፋሻውና ቫልቩ ይከፍላሉ።

የሰዓቱ መንገድ ግን የሁሉም ዳኛ ነው። የታንኩ መጠን ይታወቃል፤ 200 ሊትር ነው እንበል። መውጫው ተዘግቶ መርፌው ከ6 ወደ 8 ባር ለመውጣት የሚፈጅበትን ጊዜ በስልክ ሰዓት መያዝ። 2 ባር በ200 ሊትር 400 ሊትር ነጻ አየር ነው። አንድ ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 400 ሊትር እየሰጠ ነው፤ ሁለት ከፈጀ 200። ምንም ወረቀት፣ ምንም ቃል ይህን አይለውጠውም። ታንኩ ቀዝቅዞ መጀመሩና ውሃው አስቀድሞ መውጣቱ ብቻ ይረጋገጥ፤ እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ታንክ ደካማውን ፓምፕ ጎበዝ ያስመስለዋል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ መለኪያ የበለጠ ይጠቅማል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ወደ 1.01 ባር የሚጠጋው እዚያ ወደ 0.77 ነው። ሲሊንደሩ በየዙሩ ያንኑ ያህል ቦታ ይሞላል፣ የሚሞላው አየር ግን ሳሳ ያለ ነው፤ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ። ሌላም አለ። በባሕር ጠለል 8 ባር ለማድረስ አየሩን ወደ 9 እጥፍ ማመቅ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያው መርፌ 8 እንዲያሳይ ከ11 እጥፍ በላይ ማመቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ማቀዝቀዣ የሚሆነው ነፋስም ራሱ ሳስቷል። መሐል ላይ አቀዝቅዞ የሚያሳልፍ ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ በደጋ ከተማ ላይ ዋጋውን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጎሚስታዎች አንድ ደረጃ ብቻ ባላቸው ፓምፖች ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ፣ ቫልቮቹ ቶሎ ቶሎ ከርቦን ቢይዙ አይገርመኝም።

የኩዊንሲው ልብ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ የቤት ፓምፖች ዘይት የሚያገኙት በመርጨት ነው፤ ከቢዬላው ሥር ያለች ዘንግ ዘይቱን እየመታች ወደ ላይ ትበትነዋለች። መጥፎ ዘዴ አይደለም፤ ለዘመናት ሠርቷል። ኩዊንሲው ግን በኮሎው ጫፍ ላይ የራሱ የዘይት ፓምፕ አለው፤ ዘይቱን በግፊት በኮሎው ውስጥ በተሰረሰሩ ቀዳዳዎች አሳልፎ ወደ ቢዬላዎቹ ያደርሳል። ኮሎው በሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ውጭ ደግሞ የዘይት ግፊት መለኪያ ተገጥሞለታል፤ ባለቤቱ የውስጡን ጤና ሳይከፍት እንዲያይ። ያገለገለ ኩዊንሲ ሲገዛ ፓምፑ ከሞቀ በኋላ ያንን መለኪያ ማንበብ የግማሽ ቀን ምርመራ ያህል ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ የዘይት ግፊት የተሰጠው ሁለተኛ ኃላፊነት ነው። ማሽኑ ሲቆም የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና ከታንኩ አየር ወደ ቴስታታዎቹ ትልካለች፤ ያ አየር የመሳቢያ ቫልቮቹን ተጭኖ ክፍት አድርጎ ይይዛቸዋል። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ፒስተኖቹ አየሩን ሳያምቁ እንዲሁ ይመላለሳሉ፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ይነሳል። ዘይቱ ሙሉ ግፊቱን ሲያገኝ ብቻ ቫልቭዋ ትዘጋለች፣ ጭነቱም ይጀምራል። አሁን ዘይቱ አልቆ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ እንደሆነ አስቡት። ግፊት የለም፤ ስለዚህ ጭነት የለም። ማሽኑ ይዞራል እንጂ አየር አይሰጥም። ባለቤቱ «አልሠራም አለኝ» ብሎ ሊያማርር ይችላል፤ በእርግጥ ግን ማሽኑ ራሱን ከጥፋት እየጠበቀ ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ኤሌክትሮኒክስ አልነበረውም፤ ዘይት፣ ስፕሪንግና አየር ነበረው፤ በቃው።

ይህን የማያውቅ ሻጭ እንዲህ ያለውን ፓምፕ «ሞቷል» ብሎ በብረት ዋጋ ይሸጠዋል። ዘይቱን አይቶ መግዛት ነው።

ዘይቱን ማየት ስል በዘይት ማያዋ መስተዋት በኩል ብቻ አይደለም፤ ከተቻለ ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አጭር አጭር እየሠራ ሳይሞቅ ስለሚቆም ነው፣ ሊድን ይችላል። የብረት ብልጭታ ካለው ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ፓምፑ ሲግል ኖሯል። ከዚያ የክራንክኬሱ መተንፈሻ፦ ማሽኑ በጭነት ሲሠራ ከዚያ የዘይት ጭስ ያለው አየር እየተገፋ ከወጣ ፋሻዎቹ አልቀዋል።

ጆሮና መዳፍም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። መዳፍ አየር ማስገቢያው ፊት ሲያዝ አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ መሄድ አለበት፤ ወደ ኋላ የሚተፋ ከሆነ የመሳቢያው ቫልቭ አይዘጋም። በመካከለኛው ቱቦ ላይ ያለችው ትንሽ የደህንነት ቫልቭ እየተነፈሰች ከሆነ ጥፋቱ ከትንሹ ሲሊንደር ነው፤ የታመቀው አየር ተመልሶ ወደ መሐል እየመጣ ነው። በግፊት ማብሪያ ሥር ቀጭን የአየር ቱቦ ባላቸው ተራ ኮምፕሬሰሮች ደግሞ ማሽኑ ሲቆም አጭር «ፕሽ» ይሰማል፤ ለቀጣዩ ማስነሻ ቱቦውን ባዶ ማድረጉ ነው። ድምፁ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው መመለሻ ቫልቭ ያፈስሳል። ጭራሽ ካልተሰማ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ በጭነት ለመነሳት እያጉረመረመ ይታገላል። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ወጪዎች ናቸው፤ ዋጋ ለመደራደር እንጂ ጥሎ ለመሄድ ምክንያት አይሆኑም።

ቫልቮቹን ለማየት ሻጩ ከፈቀደ ጥሩ ነው። ቀጭን የብረት ዲስክ ናት፤ በትንንሽ ስፕሪንግ ተይዛ መቀመጫዋ ላይ ትተኛለች፣ በየዙሩ ትነሳለች ትመለሳለች። 534 ዙር በሚሠራ ፓምፕ ውስጥ በሰዓት ከ32,000 ጊዜ በላይ። ዲስኳ ስታርፍ ከመቀመጫዋ ጋር ብርሃን እንኳ እንዳያሳልፍ ሁለቱም ፊቶች በጥንቃቄ የተላጉ ናቸው። ጥቁር ከርቦን ከያዘ ማጽዳት ይቻላል፤ መቀመጫው ላይ ጭረት ካለ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በለሰለሰ ማሾያ ቀስ እያሉ ማሸት ይመልሰዋል። በጎማ ወይም በተጣበቀ ፕላስቲክ የተዘጋ ራስ ግን ሲበላሽ ሙሉውን መቀየር ነው። ይህን ልዩነት ዓይን ካየ በኋላ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን አዲሱን ማሽን እንኳ በሌላ ዓይን ያየዋል። ዘይት የማይፈልጉት ቀላል የአሉሚኒየም ኮምፕሬሰሮች ቦታቸው የለም አልልም፤ ምስማር ለሚመታ አናጢ፣ ጎማ ለሚነፋ ሰው ይበቃሉ፤ ይነሳሉ፣ ይጫናሉ። ለመክፈት ግን አልተሠሩም።

ታንኩ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል። ፓምፕ ቢያልቅ አየር አይሰጥም፤ ታንክ ቢያልቅ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 በማሳቹሴትስ በብሮክተን ከተማ የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ማሞቂያ ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የማሞቂያ ደንብ ከዚያና ከመሰል አደጋዎች ተነስቶ በ1915 ታተመ፤ እሳት የማይነካቸው የግፊት ታንኮች ደንብ ደግሞ በ1925 ተከተለ። ዛሬ ታንኩ ላይ በብየዳ የተያዘችው ትንሽ ሰሌዳ የዚያ ደንብ ልጅ ናት። የላቲኑ «ዩ» ፊደል ተመትቶባታል፤ የሠሪው ስም፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት፣ የተሠራበት ዓመት ተጽፈዋል። ባለ ሁለት ደረጃ ታንክ ላይ ብዙ ጊዜ 200 ፒ ኤስ አይ ይነበባል፤ ወደ 13.8 ባር ነው። ታንኩ 125 ብቻ ብሎ ፓምፑ 175 የሚያደርስ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጋብቷል።

የብየዳውን መስመር እዩት። ጎበዝ በያጅ የሠራው ስፌት እንደ ሰፌድ ስፌት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ላይ እኩል ይተኛል፣ ስፋቱ አይለዋወጥም፣ ጠርዙ ብረቱን ሳይቆፍር ይዋሐዳል። ዝገት ግን ከውጭ አይጀምርም። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይጥላል፤ ውሃው ታች ይሰበሰባል፤ ታንኩም ከሥሩ ይበላል። የታችኛው ማፍሰሻ ሲከፈት ጥቂት ቡናማ ውሃ ቢወጣ የተለመደ ነው፤ የዝገት ቅርፊት ከወጣ ያስፈራል፤ ማፍሰሻው ተጣብቆ ለዓመታት ሳይከፈት ከቆየ ደግሞ የባሰ ነው። በትልቁ መሰኪያ ቀዳዳ ከስልክ ጋር የሚሠራ የቱቦ ካሜራ አስገብቶ ሥሩን ማየት ይቻላል። ስስ ቡናማ ሽፋን ችግር አይደለም፤ ጉድጓድ ጉድጓድ የበላው ግን ነው። ጥርጣሬ ካለ በባለሙያ የውሃ ፈተና ይደረግለት፤ ደንቡ ለአዲስ ታንክ ከተፈቀደው ግፊት 1.3 እጥፍ ያዛል። ውሃ የሚመረጠው ስለማይታመቅ ነው፤ ታንኩ ቢሸነፍ ይሰነጠቃል ይፈስሳል እንጂ አይበታተንም። ከሥሩ ቀዳዳ ወጥቶበት በብየዳ የተለጠፈ ታንክ ካየሁ አልደራደርም። ፓምፑ ደህና ከሆነ ፓምፑን ብቻ እገዛለሁ፤ አዲስ ታንክ ይገኛል።

የገዛ ሰው ሲያጓጉዘው አስተኝቶ አይጫነው፤ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። የቆመ ታንክ ላይ ያለ ፓምፕ ከላይ ስለሚከብድ በቀላሉ ይገለበጣል፤ በሁለት ቦታ ይታሰር። ቤት ሲገባ አሮጌው ዘይት ይፈስስና ሳሙና የሌለው የኮምፕሬሰር ዘይት ይገባል። የደህንነት ቫልቩ፣ የሻጩ ቃል ምንም ቢሆን፣ በአዲስ ይቀየራል፤ ርካሽ ነው። ቀጥ ያለ ብረት በሞተሩ ፑሊና በቮላኖው ፊት ላይ ተጋድሞ አራቱም ነጥቦች እስኪነኩ ድረስ ሞተሩ ይስተካከላል፤ ጠማማ ቺንጋ ኩሽኔታ ይበላል። ማፍሰሻው ክፍት ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ጭነት ይሥራ። ከዚያ ተዘግቶ ይሞላ፤ ቀዝቅዞ ሲመለስ ከ6 ወደ 8 ባር የፈጀው ጊዜ ተለክቶ ከቀኑ ጋር በቺንጋው መሸፈኛ ጀርባ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። በየዓመቱ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመራል። ጊዜው ከመጀመሪያው በአንድ አሥረኛ ሲረዝም ቫልቮቹን የማውጫ ጊዜ ደርሷል።